መርሳት ሁሉ የእርጅና ነውን?



ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ወር የጤናና የሥነ ምግብ ዓምዳችን በብዙዎቻችን ቤት ያለ፣ ነገር ግን በስሙ ጠርተነው የማናውቅ አንድ ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። አባታችን የጠየቁንን ጥያቄ ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንደ አዲስ ሲጠይቁን፣ እናታችን ምድጃ ላይ የጣዱትን ረስተው ጎረቤት ሲቀመጡ «አርጅተው ነው» ብለን እናልፈዋለን። ነገሩ እየባሰ ሲሄድ ደግሞ «ጃጁ» እንላለን። በሁለቱ ቃላት መካከል ሦስትና አራት ዓመት ያልፋል። በእነዚያ ዓመታት ሐኪም ቤት የወሰዳቸው ሰው የለም፤ ሊታከም የሚችል ነገር ከነበረም ሳይታወቅ ይቀራል።

ዕድሜ ለዚህ ሕመም ትልቁ አጋላጭ መሆኑ አያከራክርም። ይሁንና እርጅና ራሱ በሽታ አይደለም። ሰማንያ ዓመት አልፏቸው የቤት ኪራይ ሂሳባቸውን በቃላቸው የሚይዙ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ስም ከነእናቶቻቸው የሚቆጥሩ አዛውንቶች ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ አንድ አባት በሰባ ዓመታቸው የለመዱት መንገድ ሲጠፋባቸው «ምን ያድርጉ፣ ዕድሜ ነው» ማለት በቂ መልስ አይደለም።

ሦስቱን እንለይ

ማንኛውም ሰው ዕድሜው ሲገፋ ለማስታወስ ጊዜ ይወስድበታል። የሰው ስም አፉ ላይ መጥቶ ይጠፋበትና ማታ ጋደም ሲል ትዝ ይለዋል። መነጽሩን ያስቀመጠበትን ይረሳል፤ ሲፈልገው ግን ያገኘዋል። ይህ የጤነኛ እርጅና ምልክት ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ሐኪሞች «ማይልድ ኮግኒቲቭ ኢምፔርመንት» የሚሉት ሲሆን፣ እኛ በዚህ ጽሑፍ «መለስተኛ የማስታወስ ችግር» እንለዋለን። በእርግጥ የሚነካው ማስታወስን ብቻ አይደለም፤ ቃል ማግኘትን፣ ማቀድንና አቅጣጫ መለየትንም ሊነካ ይችላል። በዚህ ደረጃ ያለ ሰው መለወጡን ራሱ ወይም ቤተሰቡ ያስተውላል፣ ሲመረመርም ውጤቱ ከዕድሜ እኩዮቹ ዝቅ ይላል፤ ኑሮውን ግን ራሱ ይመራል። የድሬዳዋ ሰው ከሆነ ቀፊራ ወርዶ ገዝቶ ይመለሳል፣ መልስ ይቆጥራል፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳል። ምናልባት ቀድሞ የማያስፈልገው ማስታወሻ ወረቀት አሁን ያስፈልገው ይሆናል። ይህ መለያ በሐኪሞች ዘንድ የተስፋፋው በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ የሚሠሩት ዶክተር ሮናልድ ፒተርሰንና ባልደረቦቻቸው በ1999 እ.ኤ.አ. መስፈርቱን ካወጡ ወዲህ ነው።

ሦስተኛው ዲሜንሺያ ወይም የመርሳት በሽታ ነው። እዚህ ደረጃ ላይ ሰውየው ያለ ሌላ ሰው ድጋፍ መዋል ያቅተዋል፤ ገንዘቡን፣ መድኃኒቱን፣ በኋላም ልብሱንና ንጽሕናውን ሌላ ሰው ይይዝለታል። ዲሜንሺያ የአንድ በሽታ ስም ሳይሆን የብዙዎች መጠሪያ ነው። ከመቶው ከ60 እስከ 70 የሚሆነው ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ያስረዱትና በስማቸው የተጠራው የአልዛይመር በሽታ ነው። ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው የአንጎል ደም ሥሮች በመጎዳታቸው የሚከሰተው ዓይነት ሲሆን፣ የደም ግፊትና የስኳር ሕመም በበዛበት ቤት ይህን ማሰብ ተገቢ ነው።

ልዩነቱን ሁላችንም በምናውቀው በሶላት ምሳሌ እንየው። የረከዓ ቁጥር መጠራጠር በማናችንም ላይ ይደርሳል፤ ሱጁደ ሰህው የተደነገገውም ሰው የሚረሳ ፍጡር ስለሆነ ነው። ስለዚህ አባታችን ሦስት ይሁን አራት ሰገድኩ ብለው ቢጠራጠሩ የሚያስደነግጥ ነገር የለም። ስልሳ ዓመት የሰገዱ አባት ከሩኩዕ በኋላ ምን እንደሚከተል ግራ ሲገባቸው፣ ውዱእ ጀምረው መሐል ላይ ማሰሮውን ይዘው ዝም ብለው ሲቆሙ፣ ዙህር ሰግደው ቤት እንደገቡ «አልሰገድኩም» ብለው ደጋግመው ሲነሱ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበትን አንድ ነገር እዚህ ላይ መጥቀስ ይገባል። «አባታችን ያሲንን አንድ ፊደል ሳይስቱ ይቀራሉ፣ እንዴት አእምሯቸው ታመመ ይባላል?» የሚል ክርክር ብዙ ጊዜ ይነሳል። በልጅነት የተሐፈዘና ዕድሜ ልክ የተደጋገመ ነገር በአንጎል ውስጥ ሥር የሰደደ በመሆኑ እስከ መጨረሻው ሊቆይ ይችላል። አልዛይመር መጀመሪያ የሚያጠቃው አዲስ ነገር የሚመዘገብበትን የአንጎል ክፍል ነው። አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ያሉትን ጣቢያዎች፣ ሽንሌን፣ አዲጋላን፣ አይሻን፣ ደወሌን፣ አሊ ሳቢህን በቅደም ተከተል ሊጠሩላችሁ ይችላሉ። ጠዋት ምን እንደበሉ ስትጠይቋቸው ግን «ገና አልበላሁም» ይሏችኋል። የድሮውን አጥርቶ መናገር የጤንነት ማረጋገጫ አይደለም።

ምን ያህል ሰው ይታመማል?

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ አዳዲስ የዲሜንሺያ ሕሙማን ይመዘገባሉ፤ ከጠቅላላው ሕሙማንም ከመቶ ከ60 በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። የሀብታም አገር በሽታ ነው የሚባለው ወሬ እንግዲህ መሠረት የለውም።

በ2022 እ.ኤ.አ. ላንሴት ፐብሊክ ሄልዝ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ሰፊ ጥናት በ2019 በዓለም ላይ 57.4 ሚሊዮን የነበረው የሕሙማን ቁጥር በ2050 እ.ኤ.አ. 152.8 ሚሊዮን እንደሚደርስ ገምቷል። በዚሁ ጥናት በምሥራቅ አፍሪካ ጭማሪው ከፍ ብሎ ከታየባቸው አገሮች መካከል ጅቡቲ በ473 ከመቶ፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በ443 ከመቶ ተቀምጠዋል። በቀላል አነጋገር በእኛ አገር የሕሙማኑ ቁጥር ከአምስት እጥፍ በላይ ይሆናል ማለት ነው። ምክንያቱ አዲስ ወረርሽኝ አይደለም፤ የሕዝቡ ቁጥር መጨመሩና ሰው ረጅም ዕድሜ መኖር መጀመሩ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. ከ50 ዓመት በታች የነበረው የኢትዮጵያዊ አማካይ የዕድሜ ጣሪያ ዛሬ ከ65 አልፏል። አልሐምዱሊላህ፣ ይህ ኒዕማ ነው፤ ሆኖም ከ65 ዓመት በኋላ በየአምስት ዓመቱ የዲሜንሺያ ዕድል በእጥፍ ገደማ ይጨምራልና ኒዕማው ዝግጅት ይፈልጋል።

በታንዛኒያ ሐይ በተባለው የኪሊማንጃሮ አካባቢ ወረዳ የተካሄደና በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል ከመቶ 6 የሚበልጡት ዲሜንሺያ እንዳለባቸው አሳይቷል። ከጁምዓ ሶላት በኋላ መስጂድ በር ላይ አዛውንቶቻችን ሲወጡ ብትመለከቱ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል።

መለስተኛው ችግር ደግሞ ከዚህም በላይ የተለመደ ነው። የአሜሪካ የነርቭ ሐኪሞች አካዳሚ በ2018 እ.ኤ.አ. ከተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ60 እስከ 64 ዓመት ባሉት ላይ ከመቶ 7 ያህል፣ ከ75 እስከ 79 ባሉት ላይ ከመቶ 15 ያህል፣ ከ80 እስከ 84 ባሉት ላይ ደግሞ ከመቶ 25 ያህል ይታያል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ሰው ወደ ዲሜንሺያ ይሄዳል ማለት አይደለም። በዚያው መመሪያ ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ከሆኑት የመለስተኛው ችግር ተጠቂዎች በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ዲሜንሺያ ያለፉት ከመቶ 15 ያህሉ ናቸው። ብዙዎቹ ባሉበት ይቆያሉ፤ ጥቂት የማይባሉትም ወደ ጤናቸው ይመለሳሉ። «መርመርስ ምን ይጠቅማል?» ለሚል ሰው መልሱ እዚህ ላይ አለ።

ምስክሩ ማን ነው?

የዚህ ሕመም ምርመራ ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ሆድ የታመመ ሰው ራሱ «ሆዴን» ይላል። የሚረሳ ሰው ግን መርሳቱንም ይረሳዋል፤ «ደህና ነኝ፣ እነዚህ ልጆች ናቸው የሚያጋንኑት» ይላል፣ ከልቡም ያምንበታል። ስለዚህ ሐኪሙ ከደም ምርመራና ከራጅ በፊት የሚፈልገው አብሮ የሚኖር ሰው ምስክርነት ነው። ምስክር ከሌለ ጥሩ ሐኪምም ይሳሳታል።

እዚህ ላይ የኑሮ ለውጡ ይነካናል። ቀድሞ በድሬዳዋ ግቢዎች አንድ አዛውንት ሲውሉ ዙሪያቸው ሰው አይጠፋም ነበር። ዛሬ ከከተማው ወጣ ብሎ የተገነባውንና ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የነፃ የንግድ ቀጠና አካል የሆነውን የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ የመሳሰሉ የሥራ ቦታዎች ልጆቻችንን ከቤት ያወጣሉ። ሥራው ይሁን፣ እንጀራ ነው። ቢሆንም ማለዳ ሰርቪስ ይዛ ፓርኩ የምትገባ አንዲት ልጅ ቤት ምን እንደሚመስል እስቲ እንገምት። እናቷ የሚውሉት ከሰባት ዓመት ልጇ ጋር ነው። እሷ የምትደርሰው ሲመሽ ደክሟት ነው። ብዙ የዲሜንሺያ ሕሙማን ደግሞ ሲመሽ ይብስባቸዋል፤ ይቅበጠበጣሉ፣ «ቤቴ ውሰዱኝ» ይላሉ፣ ቤታቸው ተቀምጠው። ልጅቱ የምታየው ይህንን ብቻ ስለሆነ «ቀን ደህና ውለው ማታ ያስቸግሩኛል» ትላለች። ጂዳ ያለው ወንድሟ በበኩሉ በሳምንት አንድ ጊዜ ይደውላል። እናቱ ሰላምታውንና ዱዓውን አሳምረው ይመልሱለታል፤ የአሥር ደቂቃ ወግ ለብዙ ሕሙማን አይከብድምና። «እናቴ ምንም አልሆነችም፣ አንቺ ሰልችተሻት ነው» ይላታል። እህትና ወንድም ይኳረፋሉ። እውነቱን ከሁለቱም በላይ የምታውቀው፣ ቀን ቀን ብቅ እያለች የምታያቸው ጎረቤት ናት፤ እሷን የጠየቃት ግን የለም።

እንግዲህ ከሐኪም ቀጠሮ በፊት ምስክሮችን ሰብስቡ። ጎረቤት፣ የሰፈሩ ባለሱቅ፣ የመስጂዱ ሙአዚን፣ የጀመዓው ጓደኞች ብዙ አይተዋል። ሒሳብ ሁለት ጊዜ ከፍለዋል? ጫማቸውን ትተው የሌላ ሰው ጫማ አድርገው ሄደዋል? ከመስጂድ ወጥተው በተቃራኒው መንገድ ሲሄዱ ታይተዋል? የሰማችሁትን ከነቀኑ በአንድ ደብተር ጻፉ። «ይረሳሉ» ከሚል አንድ ቃል ይልቅ «በሸዕባን መጀመሪያ የኩላሊት መድኃኒታቸውን በአንድ ቀን ሁለቴ ዋጡ» የሚል አንድ መስመር ለሐኪሙ ይጠቅማል። መቼ እንደጀመረ፣ ቀስ በቀስ ነው ወይስ ደረጃ በደረጃ የወረደው የሚለውን ጨምሩበት። ከስትሮክ ወይም ከመውደቅ በኋላ በድንገት የወረደ እንደሆነ ሐኪሙ የሚሄድበት መንገድ ይለያልና።

የፈረቃ ሠራተኛ ከሆናችሁና ቀጠሮው ላይ መገኘት ካልቻላችሁ ደብተሩን አስይዛችሁ ጎረቤቷን ላኩ፤ ወይም ሐኪሙ በስልክ እንዲያነጋግራችሁ ለምኑ። አዛውንቱን ብቻቸውን መላክ ግን ቀጠሮውን እንደማባከን ነው።

በምርመራ ክፍል ውስጥ

መጀመሪያ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ድሬዳዋ ያላችሁ ከዚያ ወደ ድል ጮራ ወይም ሳቢያን ሆስፒታል፣ አስፈላጊ ሲሆንም ሐረር ወደሚገኘው ሕይወት ፋና ሪፈር ልትባሉ ትችላላችሁ። ስትሄዱ ቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ፣ የባህሉንም ጭምር፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።

ሐኪሙ ከእናንተ ታሪኩን ከሰማ በኋላ አዛውንቱን በጥያቄ ይፈትናል። በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው መፈተኛዎች አንዱ በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ 30 ነጥቡ የፎልስታይን ፈተና ነው፤ ሌላው በካናዳ ተዘጋጅቶ በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመው ሞካ የሚባለው ነው። ሁለቱም ማንበብ፣ መጻፍና ቅርጽ መሣል ለለመደ ሰው የተዘጋጁ ናቸው። ፊደል ያልቆጠሩ እናት እርሳስ በመያዛቸው ብቻ ሊጨነቁና ነጥብ ሊያጡ ይችላሉ። ይህንን በመረዳት በታንዛኒያና በናይጄሪያ «አይዲያ» የተባለ ባለ ስድስት ጥያቄ መፈተኛ ተዘጋጅቷል። ማንበብም መጻፍም አይጠይቅም። ድልድይ ምን እንደሆነ ማስረዳት፣ የአካባቢውን ሹም ስም መጥራት፣ በአንድ ደቂቃ የቻሉትን ያህል የእንስሳት ስም መዘርዘር፣ የተነገሯቸውን አሥር ቃላት ቆይቶ ማስታወስና በክብሪት እንጨት የታየውን ቅርጽ መሥራት ከጥያቄዎቹ መካከል ናቸው።

በድሬዳዋ ሦስት ነገር ለሐኪሙ አስታውሱት። አንደኛ ቋንቋው ነው፤ አፋቸውን በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ወይም በሐረሪ የፈቱ አዛውንት በአማርኛ ቢፈተኑ የሚወድቁት አማርኛውን ሊሆን ይችላል። ዲሜንሺያ ያለበት ሰው ደግሞ ዘግይቶ የተማረውን ቋንቋ አስቀድሞ ሊያጣ ይችላል። ሁለተኛው ቀን ነው። «ዛሬ ወሩ ስንት ነው?» ሲባሉ በሂጅራው አቆጣጠር የመለሱ አባት አልተሳሳቱም። ሰዓት ሣል የሚለው ፈተናም በእኛ አቆጣጠርና በፈረንጁ መካከል የስድስት ሰዓት ልዩነት ስላለ ጠያቂውና ተጠያቂው መስማማት አለባቸው። ሦስተኛው ጆሮና ዓይን ነው። ጥያቄውን በደንብ ያልሰማ ሰው እንዴት ይመልሳል? የጆሮ ኩክ ወጥቶላቸው ብቻ «ተሻላቸው» የሚባሉ አሉ።

ከፈተናው በኋላ የደም ምርመራ ይታዘዛል፤ የደም ማነስ፣ ስኳር፣ ኩላሊት፣ የታይሮይድ ዕጢ፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ቂጥኝና ኤች አይ ቪ ይታያሉ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሰምታችሁ አትቀየሙ፤ ሁለቱም አንጎልን ሊጎዱ የሚችሉና መድኃኒት ያላቸው ስለሆኑ ለሁሉም ሰው የሚታዘዙ ናቸው። እንደ ሁኔታው ሲቲ ስካን ሊታዘዝ ይችላል። በተለይ ከወራት በፊት የወደቁ አዛውንት በራስ ቅላቸውና በአንጎላቸው መካከል ደም ቀስ በቀስ ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በቀዶ ሕክምና የሚወገድ ነው። በሀብታሞቹ አገሮች በደም ናሙና አልዛይመርን የሚጠቁም ምርመራ በ2025 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ተፈቅዷል። እሱ እስኪደርሰን ድረስ ከላይ የዘረዘርነው መንገድ አብዛኛውን ጥያቄ ይመልሳል፤ ወጪውም የሚቻል ነው።

መርሳት የሚመስሉ፣ የሚታከሙ

ለቤተሰብ ትልቁን ተስፋ የሚሰጠው ይህ ክፍል ነውና በዝርዝር እንየው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ዝም ያሉ፣ ምግብ ያስጠላቸው፣ ሲጠየቁ «አላውቅም» ብቻ የሚሉ እናት የሚታከም ድብርት ይዟቸው ሊሆን ይችላል። የታይሮይድ ዕጢ ማነስ ሰውን ያደነዝዛል፤ በክኒን ይስተካከላል።

የቫይታሚን ቢ12 እጥረት የዚህ ዓምድ ዋና ጉዳይ ነው። ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ውጤቶች ማለትም ከሥጋ፣ ከጉበት፣ ከእንቁላል፣ ከዓሣና ከወተት ነው። የግመል ወተትም አለው። ጥርሳቸው ያለቀ አዛውንቶች ግን ጠዋትና ማታ ሻይ በዳቦ እየበሉ ወራት ይቆያሉ፤ ማንም ልብ አይለውም፤ በልተዋልና። ሥጋው በደቃቁ ተከትፎ ወይም በመረቅ፣ እንቁላሉ ተቀቅሎ ቢቀርብላቸው ይበላሉ። ሌላም አለ፤ ለስኳር ሕመም ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ ሰው ሰውነቱ ቢ12 የመምጠጥ አቅሙ ሊቀንስ ይችላል። መድኃኒቱን አታቋርጡ፤ ሐኪሙን ግን ቢ12 እንዲለካላቸው ጠይቁ።

መድኃኒቶች ራሳቸው አእምሮን ሊያደበዝዙ ይችላሉ። ለእንቅልፍ የሚዋጠው ዲያዜፓም፣ ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፣ ለማሳከክና ለጉንፋን ከፋርማሲ በቀላሉ የሚገዙት እንቅልፍ አምጪ ክኒኖች ከዋናዎቹ ናቸው። በእኛ አካባቢ ከጫት በኋላ እንቅልፍ እንቢ ሲል ዲያዜፓም የመዋጥ ልማድ ያለ መሆኑ ይታወቃል። ጫቱ ቀን ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ክኒኑ ሌሊት አንጎልን ያደነዝዛል፤ ጠዋት «አባባ ዛሬ ምን ሆነዋል?» ይባላል። ለሐኪሙ ይህንን መደበቅ አይገባም።

በድንገት ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ። ትናንት ደህና የነበሩ ሰው ዛሬ የሚቀባጥሩ፣ የሚንቀዠቀዡ ወይም የሚያንቀላፉ ከሆነ ይህ ዲሜንሺያ ሳይሆን ሐኪሞች ዲሊሪየም የሚሉት ድንገተኛ ሁኔታ ነው። የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ ወባ፣ የስኳር መውረድ፣ በድሬ ሙቀት የውሃ እጥረት ሊያመጣው ይችላል። ከተማዋ በ2013 እ.ኤ.አ. የደንጊን፣ በ2019 የቺኩንጉንያን ወረርሽኝ አይታለች፤ ትኩሳት በአዛውንት ላይ መጀመሪያ በመቀባጠር ሊገለጽ ይችላል። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይወሰዱ።

«ጅን ነው» ለሚሉ

አንዳንድ ሕሙማን በክፍሉ ውስጥ የሌሉ ሰዎችን፣ ብዙውን ጊዜ ሕፃናትንና ትናንሽ እንስሳትን ያያሉ፤ አጥርተው ይገልጿቸዋልም። በቤተሰቡ ዘንድ ወዲያው ጅን ወይም ሲሕር ይታሰባል። ሌዊ ቦዲ የሚባል የዲሜንሺያ ዓይነት አለ፤ ዋና መለያው ይህ ማየት፣ ከሰዓት ሰዓት የሚለዋወጥ ንቃትና የእግር መጎተት ነው። በእነዚህ ሕሙማን ላይ አንዳንድ የአእምሮ ሕክምና መድኃኒቶች ከባድ ጉዳት ስለሚያደርሱ ዓይነቱን ለይቶ ማወቅ ሕይወት ያድናል። ቁርኣን ይቀራባቸው፣ ዱዓ ይደረግላቸው፤ ይህ ሐኪም ቤቱን የሚከለክል አይደለም። ማሰር፣ መግረፍና ጭስ ማጠን ግን ታማሚን ማሠቃየት ነው፤ በዚህ ላይ ማለሳለስ አንፈልግም።

ውጤቱ ከታወቀ በኋላ

«መለስተኛ ነው» ከተባለ በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ እንደገና መታየት ያስፈልጋል። ለዚህ ደረጃ የሚሆን የተረጋገጠ ክኒን የለም፤ «የአእምሮ ቫይታሚን» እየተባለ በውድ የሚሸጠውን ከመግዛት ግፊትና ስኳርን መቆጣጠር ይበልጣል። በ2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከ9 ሺህ በላይ የግፊት ሕሙማን ላይ ተደርጎ የወጣው ስፕሪንት ማይንድ የተባለ ጥናት ግፊታቸው ይበልጥ ዝቅ እንዲል የተደረገላቸው ሰዎች መለስተኛው ችግር የሚይዛቸው በ19 ከመቶ ባነሰ መጠን መሆኑን አሳይቷል። ዒላማውን የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው፤ አዛውንትን ግፊት አብዝቶ ማውረድ ሊጥላቸው ይችላል።

በዚህ ደረጃ ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚናገረውን የሚያውቅ ነው። ዕዳው፣ አማናው፣ ወሲያው፣ የቤቱ ካርታ ጉዳይ ካለ በራሱ አንደበት፣ በምስክር ፊት ሊጨርሰው ይችላል። ሦስት ዓመት ዘግይቶ ግን አንዱ ልጅ «ለእኔ ፈርመውልኛል» ይላል፣ ሌላው «ያኔ አእምሯቸው የት ነበር?» ይላል፤ ወንድማማች ፍርድ ቤት ይቆማል። ጊዜው ሳያልፍ መመርመር የሚያስፈልግበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

«ዲሜንሺያ ነው» ከተባለ ዶኔፔዚልን የመሰሉ መድኃኒቶች ለአንዳንዶች ለተወሰነ ጊዜ ያግዛሉ፤ አያድኑም። ከዚያ በኋላ ትልቁ ሥራ ቤት ውስጥ ነው። ከሰል ምድጃና ክብሪት ከእጃቸው ይራቅ፤ መድኃኒታቸውን ሌላ ሰው ይስጣቸው፤ ኪሳቸው ውስጥ ስማቸውና የልጃቸው ስልክ የተጻፈበት ወረቀት ይኑር፤ የጀመዓው ሰዎች ከመስጂድ ሲወጡ ቤት ያድርሷቸው። የሌለ ነገር ሲናገሩ አትከራከሩ። ከሞተች ሃያ ዓመት የሆናትን እህታቸውን ሲጠይቁ በየቀኑ «ሞታለች» ማለት በየቀኑ እንደ አዲስ ማርዳት ነው፤ ስለ እሷ እንዲያወሩላችሁ ጠይቋቸው። ሶላታቸውንና ጾማቸውን በተመለከተ የሐኪሙን ውጤት ይዛችሁ ዑለማዎችን ጠይቁ። በተለይ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱና መውሰዳቸውን የሚረሱ አዛውንት በረመዳን ያለ ምክር መጾማቸው አደገኛ ነው።

ለእናንተ ለልጆቹ

ላንሴት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ ሊቀየሩ የሚችሉ 14 አጋላጭ ምክንያቶችን ዘርዝሯል። እነሱን በሙሉ ማስወገድ ቢቻል በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ከመቶ 45 የሚሆነውን ዲሜንሺያ መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር። ከእነዚህ መካከል የመማር ዕድል ማነስ፣ ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ ውፍረት፣ ሲጋራ፣ ድብርት፣ ብቸኝነት፣ የጭንቅላት ጉዳትና የመስማት ችግር ይገኛሉ። ብዙዎቹ የሚጀምሩት በአርባና በሃምሳ ዓመት ነው፤ አንዳንዶቹ በሃያዎቹም።

ስለ ምግብ ከተነሳ ሙሸበክና ባቅላባ፣ በዘይት የተነከረ ሳምቡሳና ፈጢራ ለዒድ ያምራሉ፤ በየቀኑ ከሦስት ማንኪያ ስኳር ሻይ ጋር ሲሆኑ ግን ግፊትና ስኳር ይጠራሉ። ባቄላ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ዓሣ ሲገኝ ዓሣ፣ በመጠኑ ዘይትና ጨው ይበቃል። በፊንላንድ 1260 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመው ፊንገር የተባለ ጥናት ምግብን፣ እንቅስቃሴን፣ አእምሮን ማሠራትንና የግፊት ክትትልን አንድ ላይ ለሁለት ዓመት ሲያስኬድ የማሰብ ችሎታ ተሻሽሎ ታይቷል። አንዱን ብቻ ነጥሎ ተአምር መጠበቅ አይገባም።

ፓርክ ውስጥም ሆነ ሌላ ፋብሪካ ጩኸት በበዛበት ማሽን አጠገብ የምትሠሩ ወጣቶች ደግሞ ጆሯችሁን ሸፍኑ። የጆሮ መከላከያ ከተሰጣችሁ ኪሳችሁ ውስጥ አታኑሩት፤ ካልተሰጣችሁ ጠይቁ። ሞተር ብስክሌት ላይ ሄልሜት አድርጉ። ሠላሳ ዓመት የሞላችሁ ደግሞ ከፈረቃ እረፍታችሁ በአንዱ ቀን እናታችሁን ወይም አባታችሁን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ የእናንተንም ክንድ ዘርጉ፤ ግፊት መለካት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ወላሁ አዕለም።